የሰማይ ጠጋኙን ካባ ስለ ማጥበብ

ኅዳር 7፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ

ለውድ ባለቤቴ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። የኛና የናንተ ሰዓት ስለማይገጥም እንደምን ዋልክ ልበልህ እንደምን አደርክ ሁልጊዜ ግራ ይገባኛል፤ የሚስማማህን መርጠህ ውሰድ። እኛ ደህና ነን። ልጅህ ደህና ናት፤ ትንሽ ከስታለች፣ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርሃለሁ። ትናንት ሲዘንብ ውሎ በሥራ ክፍሌ መስኮት ጥግ ያ የምታውቀው ውሃ ሰርጎ ገብቶ ነበር። ዛሬ ፀሐይ ወጥታ ወለሉን አድርቃዋለች። እሁድ ስለሆነ ስቱዲዮው ውስጥ ከጥበቃው በቀር ማንም የለም፤ እሱም ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙሮ በሩ ላይ ያንቀላፋል። ካውያውን ነቅዬ፣ ክርና ቁርጥራጩን ወደ ዳር ገፋ አድርጌ፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው የምጽፍልህ።

ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደማልችልበት ታውቃለህ። የድራማውን ካባህን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። የተሰጠው ሰው በቁመትም በትከሻም ካንተ በጣም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ካባው መጥበብ ነበረበት፣ ለመጥበብ ደግሞ መቆረጥ። ያ ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ዳግመኛ አንተ ላይ እንደማይወጣ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሳምንቱን መቀሱን ሳነሳና ሳስቀምጥ የሰነበትኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የተላለፉትን ክፍሎች አይተህ እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም። ካላየህ ላጫውትህ። እኛ ጋ ያንተ ሰማይ ጠጋኝ አልሞተም። ደራሲያችን፣ ያ "ቆይ ቆይ" ብለን ስም ያወጣንለት ሰውዬ፣ ለፊልሙ በሄድክ ሰሞን ጭንቅ ይዞት ነበር። "ስድስት ወር ነው፣ እመለሳለሁ" ብለህ ስለሄድክ ሊገድልህ አልደፈረም። አዲስ ሰው ተካ ሲሉትም ቆይ ቆይ አለ። ስለዚህ በሰማዩ ቀዳዳ ሾልከህ ወደ ማዶ እንድታልፍ አደረገህ፤ "ሰማዩን ከውጭ በኩል ሊጠግን ሄዷል" ተባለ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ ከላይ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ አቧራ ብን ብሎ ይወርዳል፣ ሰዉ "እሱ ነው" ይባባላል፣ ታሪኩም ይቀጥላል። ገበታው ላይ ወንበርህ ባዶውን ነው። የክፍልህ መብራት አይጠፋም። አንድ ሰው እንዲህ ሆኖ፣ ሳይኖር እየኖረ፣ ምን ያህል ሊሰነብት እንደሚችል ብታይ ይገርምህ ነበር።

ኮቴውን የምትሠራው ልጅህ ናት። ድምፅ ክፍል መቀጠሯን ነግሬሃለሁ መሰለኝ። ያንተን ቦት ጫማዎች በሁለት እጆቿ ታጠልቅና ጠጠርና ቆርቆሮ በተነጠፈበት ሳጥን ላይ "ትራመዳለች"። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሠራው። ቀኝ እግርህን ትንሽ ጎተት እንደምታደርግ፣ ከመቆምህ በፊት አንዴ ጠበቅ አድርገህ እንደምትረግጥ፣ አንዱንም አልረሳችም። ጨርሳ ዓይኗን ስትገልጥ አየችኝና ሳቀች። እኔም በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላት።

ፊልምህንም፣ ያንኑ የሰማይ ጠጋኙን ታሪክ፣ አየን። እዚህ የደረሰው ከሌላው አገር ሁሉ በኋላ ነው። እኔና እሷ በሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ገባን። መብራቱ ጠፍቶ ፊትህ አንድ ፎቅ አክሎ ብቅ ሲል መሳቅ አማረኝ። ስንት ጊዜ ያላየሁትን ፊት ምን ቆርጧቸው ነው እንደዚያ አግዝፈው የሚያሳዩኝ! ጉንጭህ ላይ ያለችው ጠባሳ መንገድ አክላለች። ስትላጭ የምትቸኩልበት ቦታ፣ አገጭህ ሥር፣ ጥቂት ጠጉር ትተሃል። እዚያም ይህን የሚነግርህ የለም ማለት ነው ብዬ አዘንኩ።

ፊልም ግን ጊዜ የለውም። ገና ወንበራችን ሳይሞቅ አረጀህ፣ ቀጥሎ ቆሰልክ፣ ያ አብሮህ የሚጫወተው መልከ መልካም ወጣት ዝናብ ውስጥ ተንበርክኮ ራስህን ክንዱ ላይ አሳረፈ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ካባህን ፈትተህ ሰጠኸው፣ ሞትክ። አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ። ልጅህም አለቀሰች። እኔ ግን ይቅር በለኝና ዓይኔ ካባው ላይ ነበር። አንተ ፈትተህ የሰጠኸውና ቀጥሎ በሚመጣው ምስል ልጁ ትከሻ ላይ ያረፈው ካባ አንድ አይደሉም። ያንተው ጫፉ ነትቧል፣ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። የሱ ገና ከመርፌ የወጣ ነው፤ አንገቱ ላይ በልኩ ተቀምጧል። በሁለቱ ምስሎች መካከል፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለችው ጊዜ፣ አንዲት የማላውቃት ሰፊ ሌላ ካባ አቀብላለች። ፊልም የሚያወርሰው እንዲህ ነው። አሮጌው ከነአሮጌ ልብሱ ይቀበራል፣ አዲሱ በአዲስ ልብስ ይነሳል፣ መሃል ላይ መቀስ የሚያነሳ የለም። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽህም። እኔም ብሆን እንደዚያ ብሞት ደስ ይለኛል፣ ዝናቡ ሞቅ ያለ ከሆነ።

እኛ ጋ ግን ካባው አንድ ነው። አዲስ ለማሰፋት አቅም የለም፤ አቅም ቢኖርም ያ ጨርቅ አሁን አይገኝም፣ የሚሸምኑት ሰዎች ሥራውን ትተውታል። ስለዚህ ቴሌቪዥን ላይ የሚተካ ሰው አሮጌውን ነው የሚለብሰው። የቀደመው ሰው ላብ ይሸተዋል፣ የቀደመው ሰው ክብደት ይጎትተዋል፣ ተመልካቹም "እንደሱ አይሆንም" እያለ ከሳምንት ሳምንት ያማዋል። እያማው ይለምደዋል። አንድ ቀን፣ የትኛው ቀን እንደሆነ ማንም ሳያውቀው፣ ማማቱን ይተዋል።

ከሲኒማው ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልጅህ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየችና "እማዬ፣ አሁን ሞቷል ወይስ አልሞተም?" አለችኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ዳቦ የምትሸጥልን ሴትዮም በማግስቱ ያንኑ ጠየቀችኝ፤ "አይዞሽ" ልትለኝ ምንም አልቀራት። ሲኒማ ቤት ሞቶ ያየው ሰው ቅዳሜ ማታ ጣሪያ ላይ ሲራመድ ይሰማዋል፤ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ወሬው ጣቢያው ድረስ ደርሶ ኃላፊው "ወይ ተተኪ አምጡ፣ ወይ ድራማውን ዝጉት" አለ።

ሰኞ ዕለት ቆይ ቆይ ወደኔ መጣ። እሱ እንኳን የሴት ልብስ የሚሰፋበት ክፍል ሊገባ፣ የራሱ ቤት ሲገባም የሚያፍር ሰው ነው። የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ የክር ጥቅሉን ዞር ዞር አደረገ። ካባህን ያለበስኩትን ራስ የሌለውን የልክ መለኪያ አሻንጉሊት ላለማየት አንገቱን አጣሞ ነው የቆመው። ያንን አሻንጉሊት በአንተ ልክ ነው በጥጥ የሞላሁት። ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ሳገኘው እስከ ዛሬ "እንዴት አደርክ" ማለቴን አልተውኩም።

"ተተኪው ተመርጧል፣ ነገ ለልክ ይመጣል" አለኝ። ማን ነው ስለው ጆሮውን አከከ። ከዚያ የመጣበትን አወጣው። "የሱን ነገር ግን ምን ላድርገው? ይሙት ወይስ ይመለስ? አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።"

የጠየቀኝ እንደ ልብስ ሰፊ ይሁን እንደ ሚስት አልገባኝም። "ቆይ" አልኩት። የራሱን ቃል ስለመለስኩለት ደስ ብሎት ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛውን ጠራርጌ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ተተኪውን ስጠብቅ ልጅህ ገባች። ምሳ ያመጣችልኝ መሰለኝ።

"አስቀምጪውና ሂጂ የኔ ልጅ፣ ሰው እየጠበቅኩ ነው" አልኳት።

በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። "እማዬ፣ የምትጠብቂው እኔን ነው።"

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ ብልህ ውሸት ይሆናል፣ አንገቴ ላይ ነበር። ለካ ሳትነግረኝ ከሌሎቹ ጋር ተፈትናለች። አዘጋጁ ተወዳዳሪዎቹን አንድ በአንድ እያስነሳ ሲያራምድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ኮቴውን ብቻ ይሰማ ነበር አሉ። የሷ ተራ ሲደርስ ሳይዞር "ይቺ ናት" አለ። ለዚያ ነው የከሳችው፤ ለካ ወሩን ሙሉ በገመድ እየተንጠለጠለች ስትለማመድ ነው የከረመችው። እኔ ደግሞ ፍቅር ይዟት ነው ብዬ ልጁ ማን ይሆን እያልኩ ስሰልል።

"አባትሽ ያውቃል?" አልኳት።

"ሦስት ዓመት ጣሪያ ላይ ስራመድለት ማን ጠየቀኝ?" አለች። ወዲያው ድምጿ ለሰለሰ። "ያው ነው እማዬ። ያው ኮቴ ነው። አሁን ሰው ያየኛል፣ ሌላ ለውጥ የለውም።"

ካባውን ደረብኩላት። ዋጣት። ወለሉ ላይ ተንዘርፍፎ ከኋላዋ ሌላ ሰው የተኛ ይመስላል። ልጅ ሳለች ያንተን ኮት ለብሳ ስትንገዳገድ እንስቅ እንደነበረው ልስቅ ብዬ ፊቷን አየሁና ተውኩት፤ የምትስቅ ልጅ አልነበረችም። ጠረጴዛው ላይ መቀሱ ነበር። እኔ ግን ስፒል አወጣሁ። ትርፉን ሁሉ ወደ ውስጥ እያጠፍኩ በስፒል ያዝኩት። አንድም ክር ሳልነካ፣ ስፒሉ ሲነቀል እንደ ነበረ እንዲሆን አድርጌ አሰናዳሁት። ምን እንደማደርግ ገብቷታል። እንደ ሐውልት ቀጥ ብላ ቆመችልኝ።

ረቡዕ በገመድ ሲያነሷት ስፒሎቹ መሃል አየር ላይ ተፈቱ። ካባው ተንሸራቶ ወደቀ፣ እሷም እጆቿን እንደዘረጋች ባዶዋን ተንጠልጥላ ቀረች። ወደኔ ስትመጣ አንገቷ ላይ የስፒል ጭረት ነበረባት። ደሙን በጥጥ ስጠርግላት አላቃሰተችም። በመጨረሻ ግን እጄን ያዝ አደረገችና "እማዬ፣ በስፒል ተይዤ መብረር አልችልም" አለችኝ።

በዚያ ቀን ከምሳ በኋላ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ራሴን ደገፍ ባደርግ አሸለበኝ። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ጀርባዬን ይሞቀኝ ነበር። በሕልሜ ስቱዲዮው ውስጥ ያለው ሥዕል ሰማይ እውነተኛ ሆኖ፣ ለስለስ ብሎ፣ እንደ አልጋ ልብስ ተሰቅሏል። መሃሉ ተቀዷል። አንተ ማዶ ነህ፣ አትታየኝም፤ ግን መርፌው ካንተ ወደኔ ብቅ ይላል። እኔ እስበውና ወደ ማዶ መልሼ እሰደዋለሁ። እንደዚያ እየተቀባበልን፣ ሳንነጋገር፣ ብዙ ሰፋን። መርፌው ወደኔ ሲመጣ ካንተ እጅ የቀረ ሙቀት ነበረው፤ ጣቶቼ ላይ አሁንም ያለ ይመስለኛል። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ መርፌው መምጣቱን አቆመ። ጠበቅኩ። ክሩን ሳብ ባደርገው ማንም ሳይዘው ላላ ብሎ መጣ፣ መጣ፣ መጣ፣ እግሬ ሥር ተከመረ። ስነቃ ፀሐዩ ከጀርባዬ ላይ ሄዶ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ደወልኩልህ። ልለምንህ አልነበረም፤ አንድ ቃል ብቻ ፈልጌ ነበር፣ "ቁረጪ" ወይም "ቆዪ" እንድትለኝ። ያነሳችው አንዲት ሴት ናት። ድምጿ ደግ ነው። ደክሞህ ገብተህ መተኛትህን ነገረችኝ፤ ልቀስቅሰው ወይ ብላም ጠየቀችኝ። ከኋላዋ የሆነ ነገር ሲንተከተክ ይሰማል፣ ምድጃ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ማን ልበለው አለችኝ።

"አትቀስቅሺው" አልኳት። "ልብስ ሰፊዋ ናት በይው።"

ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ካባውን ከአሻንጉሊቱ ላይ አወረድኩት። ገበሩን መጀመሪያ ፈታሁ። ላብህ ጀርባው ላይ የክንፍ ቅርጽ ሠርቶ ደርቋል፤ ስንት አጥቤው ያልለቀቀ ነው። በጠመኔ አሰመርኩ። መቀሱ ወፍራም ጨርቅ ሲይዝ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ አጠገቤ ተቀምጠህ የቃል ጥናትህን ስታጠና "ይሄ ድምፅ እንቅልፌን ያመጣዋል" ትል ነበር። ቆረጥኩ። አለቀስኩ ግን። ጨርቁ ላይ ጠብ እንዳይል ፊቴን ወደ ጎን አዙሬ፣ በአንድ ዓይኔ መስመሩን እያየሁ ነው ያለቀስኩት። ሚስት ሆኜ አለቀስኩ፣ ሰፊ ሆኜ ቆረጥኩ። ስጨርስ ቀጥ ያለ ነበር።

ቆይ ቆይ መልሱን ሊሰማ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አይቶ በሩ ላይ ቆመ።

"አይሙት" አልኩት።

"ታዲያ ይመለስ?"

"አይመለስም።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መቼም እሱን ሳውቀው "ቆይ" ሳይል የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። "ፊልም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም" አለ። "ሰው ከአዳራሹ ተቆጥቶ ነው የሚወጣው።"

"ቴሌቪዥን ላይስ?"

"ቴሌቪዥን ላይ" አለ፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይለመዳል።"

ዓርብ ትዕይንቱ ተቀረጸ። ጽሑፉ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦ ልጅቷ በሰማዩ ቀዳዳ ሥር ትቆማለች፣ ከማዶ ሁለት እጆች ካባውን ይዘው ብቅ ይላሉ፣ ትከሻዋ ላይ ያኖሩታል፣ ይመለሳሉ። እጆቹ ያንተ መሆን አለባቸው። ትልልቅ እጅ ያለው ሰው አምጥተው ነበር፤ ያንን የካባህን ማያያዣ ግን ሳያይ ማሰር አልቻለም፣ ሲታገለው ጊዜ አለቀ። አዘጋጁ ግራ ቀኙን ሲያይ ዓይኑ እጆቼ ላይ አረፈ። ጓንትህን አመጣሁ። ጣቶቹ ስለሚሰፉኝ ጫፍ ጫፋቸውን ጥጥ ጠቀጠቅኩበት። ከሥዕሉ ሰማይ በስተጀርባ መሰላል ላይ አወጡኝና ሁለቱን እጆቼን በቀዳዳው ሰደድኩ። ከዚያ ወዲያ ምንም አይታየኝም፤ የእንጨት ጣውላ፣ የሠዓሊው ቀለም የተንጠባጠበበት ሸራ፣ በስፌቱ በኩል ሾልኮ የሚገባ መብራት። ማዶ ማለት ይህ ከሆነ፣ ብዙ የሚያሳዝን ቦታ አይደለም።

በዚያ ሁሉ ዓመት አንተን ካባ ሳለብስህ የለመደው እጄ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ሄደ። ትከሻው ሸሸኝ። የግራው ደግሞ ከፍ ብሎ መዳፌ ሥር ገባ። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና ሸሸኝ። አዘጋጁ አስቆመንና ምን ሆናችሁ ሲል ልጅህ በኮስታራ ድምፅ "አባዬ የሚያስረው በግራ ነው" አለች። ሁሉም ሳቀ። ያንተ ትልቁ ፎቶ ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ በቀኝህ አስረህ። ቀና ብላ ስታየው መሰለኝ ደነገጠች፤ ከጀርባ ሆኜ ትንፋሿን ስሰማ ታውቆኛል።

እኔ ግን ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት መጥታ የልብስ ሣጥኑ ላይ ትቀመጥና ካባህን ሳስርልህ ታይ ነበር። የምታየው ጀርባህን አልነበረም፣ መስታወቱን ነው። በቴሌቪዥንም እንደማንም አይታሃለች፤ እጇ የተማረው ግን ከመስታወቱ ነው፣ ገና ግራና ቀኟን ሳትለይ። አዘጋጁ አሰብ አደረገና "በግራ ይሁን፣ ሌላ ሰው መሆኗ ይታወቅ" አለ። ሁሉም ቆሞ እየጠበቀ፣ እኔ መሰላሉ ላይ ተቀምጬ ማያያዣውን ፈትቼ ወደ ግራ አዛወርኩት።

ከዚያ ተቀረጸ። እጄን ስሰድ ትከሻዋ ጠበቀኝ። ሞቃት ነው፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አሰርኩላት። "ካሰርሽ በኋላ እጅሽን ቶሎ መልሺ" ተብዬ ነበር፤ አልመለስኩም፣ አልታዘዝ አለኝ። እሷም ጉንጯን ዝቅ አድርጋ ጓንቱ ላይ አሳረፈችው። ጽሑፉ ላይ የለም። ጓንቱ ውስጥ ያለው እጅ የማን እንደሆነ ከኔና ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እያወቀች ግን፣ እኔ እንኳ ለመስማት እስኪያቅተኝ ቀስ ብላ፣ "አባዬ" አለች። ማይክሮፎኑ ይዞታል። አዘጋጁ አልደገመውም፤ እንዳለ ይተላለፋል። እኔም ያን ጊዜ እጄን መለስኩ።

የሚመጣው ቅዳሜ ይታያል። ሰው ሁሉ እጅህን አየን፣ ልጁን ባረከ ይላል። ይበል፣ እኔ አላርመውም፤ አንተም አታርመው።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ደውልላት። ከቅዳሜ በኋላ ይሁን፣ ሰው "እንደሱ አትሆንም" እያለ ሲያማት። በግራ ማሰሯን ተሳለቅባት፣ ካንተ ሲሆን ደስ ይላታል። አረማመዷን ግን አትውቀሳት፣ እሱን ያወረስካት ራስህ ነህ። በስንት ሰዓት ልደውል ብለህ አትጨነቅ፤ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው።

ፀሐዩ ከጠረጴዛው ጫፍ ደርሷል፣ ጥበቃውም ነቅቶ ቁልፉን እያንሿሿ ነው። ላብቃ። እንቅልፍህ ሙሉ ይሁን፣ ትከሻህ ይቅለልህ፤ ሥራህ እጅህ ላይ ይስመርልህ እንጂ አይምረርብህ። የምትገባበት ቤት ሁሉ ሞቅ ብሎ ይቆይህ። ስልኩን ያነሳችውን ሰላም በልልኝ፤ ስላልቀሰቀሰችህም አመስግንልኝ።

የልጅህ እናት